ውሃ ልክ

ከሱር ወጣን ዛሬም፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ባሕሩን ከኋላ ጥለን፣ በተራራው ጎዳና።
ቫርጊስ መኪናውን ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ዝም፣
ቀይና ነጩ ዘንግ ከጉልበቴ መሐል፣ ታጥፎም ረጅም።
የሥራዬ ስም «ዘንግ ያዥ» ነው፣
ደመወዙም እንደ ዘንጉ ቀጭን ነው።

«ቁም» ይለኛል፣ እቆማለሁ። «አቅና» ይለኛል፣ አቀናለሁ።
በመነጽሩ አሻግሮ ያያል፤ እኔን ግን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው።
ከዘንጉ ወገብ የታሰረች አንዲት ውሃ ልክ አለች፣
የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል፣
ውስጧ አንዲት አረፋ፣
መውጫ እንዳጣች ዓሣ ወዲህ ወዲያ የምትል።
እሷ መሐል ካልረጋች
የስንት ሚሊዮን ሪያል ዕቅድ ውሸት ነው።

ዕቅዱን ቢሮ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፤
ኢንጂነር ሸምሳ በሰማያዊ ቀለም ያሰመረችው፦
ጨው ከባሕሩ ተለይቶ፣ ውሃው በሦስት ፓምፕ ተገፍቶ፣
ሰባት መቶ ሜትር ሽቅብ፣ እስከ ሐይል ሲድር ወጥቶ።
እኔ ባደግሁበት ውሃ ቁልቁለቱን ያውቃል፣
ማንም ሳይፈርምለት ከገደል ገደል ይዘልቃል።
እዚህ ግን ፊርማ ይጠብቃል፤ ከተፈረመለት
ተራራውን እንደ ፍየል ይወጣዋል።
ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ ሲሉ
ለካ ለውሃም ነው።

ሐይል ሲድር አርባ አንድ ቤት ነው፣ ከመስመሩ ጫፍ፤
ቴምሩ ከላዩ ደርቆ፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የቆመ።
ኸልፋን የሚባል ሽማግሌ የፈለጁ ውሃ አካፋይ ነበር፤
መሬት የተተከለ እንጨት ጥላ እያየ
«ያንተ አበቃ፣ የሷ ጀመረ» ሲል የኖረ።
ቦዩ ከደረቀ ስድስት ዓመቱ፣
እንጨቱን ግን አልነቀለም።
ዛሬም በየጠዋቱ ወጥቶ ያነበዋል፤
ውሃ ቢያጣ ጥላውን ያካፍላል።

«መቼ ነው?» ይለኛል ዘንጌን ተደግፎ።
«ምዕራፍ ሦስት ላይ» እለዋለሁ።
«የየትኛው መጽሐፍ?»
እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ከመስካት ደብዳቤ መጣ።
የነዳጅ ዋጋ ቁልቁል ሲወርድ
ውሃም ሽቅብ መውጣቱን ተወ።
ምዕራፍ አንድ ጸደቀ፣ ምዕራፍ ሁለት ጸደቀ፣
ሦስተኛው «ለሚቀጥለው የዕቅድ ዘመን» ተባለ፤
ስብሰባው በሻይ አለቀ።
ሸምሳ ያቺን ሰማያዊ መስመር አልሰረዘቻትም፤
ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻትና
ከሁለተኛው ፓምፕ ወዲያ ያለውን
በነጠብጣብ ቀየረችው።
ሐይል ሲድር የደረሰው የመጀመሪያ ነጠብጣብ
ይኸው ነው።

ዛሬ የመጣነው ችካል ልንነቅል ነው፣
እኔው በመዶሻ የመታሁትን፣ እኔው ቁጥር የቀባሁበትን፤
ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት መቶ አምስት።
ሲተከል ሦስት ሳምንት የፈጀ
ሲነቀል ግማሽ ቀን አልሞላም።
መጨረሻዋ ችካል ኸልፋን ደጅ ናት፣
ፍየል ታስሮባታል።
«ይህቺን ተዋት» አለ።
ቫርጊስ ስልኩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣
«አንድ ብትጎድል ማን ይቆጥራል» አለና
ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ዘንጉን ከችካሏ ራስ ላይ አቆምሁ።
አረፋዋ ትንሽ ዋኘችና መሐል ረጋች።
ልክ ነው። ድሮም ልክ ነበር።
በስሌቱ ውስጥ አንዲት ጣት ስሕተት የለም።

ኸልፋን በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ አመጣልኝ፣
በየሐሙሱ ከታንከር የሚገዛውን፣ ጎማ ጎማ የሚለውን።
ግማሹን ጠጣሁ፤ ዋጋውን አውቃለሁና
ግማሹን መለስሁለት።
አልተቀበለኝም።
ዞር ብሎ የእንጨቱን ጥላ አየ፣
በጣቱ ለካ፣
«ያንተ ገና አላበቃም» አለኝ።